ዶ/ር ዋልተር ሌቨር፦ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት የቆዳ ሕመሞችን የለዩ ሐኪም

እርስዎ ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጅዎ «ቡለስ ፔምፊጎይድ» የተባለ የቆዳ ሕመም እንዳለባቸው ተነግሮዎት ከሆነ፣ ስሙን ያወጡለትን ሐኪም ታሪክ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ከቆዳ ላይ ናሙና የሚወሰደው ለምን እንደሆነም ይረዱበታል።

ዋልተር ሌቨር በ1909 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኤርፉርት ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በአገራቸው ተምረው በ1930ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በቦስተን ከተማም የቆዳ ሐኪም ሆነው ሠሩ። የቆዳ ናሙናን በማይክሮስኮፕ ስለመመርመር የጻፉት መጽሐፍ በ1949 ታትሞ ለብዙ ትውልድ ሐኪሞች መማሪያ ሆኗል።

በዚያ ዘመን ሰፋፊ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች የወጡበት ሰው ብዙ ጊዜ «ፔምፊገስ» አለበት ይባል ነበር። የስቴሮይድ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት ፔምፊገስ አብዛኞቹን ሕሙማን ይገድል ስለነበር ስሙ ብቻ ያስደነግጣል። ሌቨር ግን ናሙናዎቹን ሲመረምሩ ልዩነት አገኙ። በፔምፊገስ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ሴሎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ እብጠቱም ስስና በቀላሉ የሚፈነዳ ነው። በሌላው ሕመም ግን የላይኛው ሽፋን እንዳለ ከሥሩ ይላቀቃል፤ እብጠቱም የተወጠረና ጠንካራ ነው። ይህን ሁለተኛውን በ1953 «ቡለስ ፔምፊጎይድ» ብለው ለዩት። በብዛት የሚይዘውም አረጋውያንን ነው።

በ1960ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች የሁለቱንም መንስኤ አሳዩ፤ የሰውነት በሽታ መከላከያ የራሱን ቆዳ ያጠቃል። ስለዚህ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌቨር በ1992 አረፉ፤ የለዩት ልዩነት ግን ዛሬም ሕክምናውን ይመራል።

ለእርስዎ ምን ማለት ነው?

• እብጠት ከመውጣቱ ሳምንታት ወይም ወራት በፊት ብርቱ ማሳከክ ብቻ ሊኖር ይችላል። በአረጋዊ ሰው ላይ የማይለቅ ማሳከክን «የዕድሜ ነው» ብለው አይተዉት።

• በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ የወጣ ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ ፔምፊጎይድ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ይወጣል።

• ሐኪሙ ሁለት ናሙና ሊወስድ ይችላል፤ አንዱ ከእብጠቱ፣ ሌላው በአጠገቡ ካለው ጤነኛ መሳይ ቆዳ። ሁለተኛው ቆዳውን የሚያጠቁትን ፀረ እንግዳ አካላት ለማየት ነው። የደም ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል።

• የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። እንደ ቪልዳግሊፕቲን ያሉ አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች ከዚህ ሕመም ጋር ይያያዛሉ። ሐኪም ሳያማክሩ ግን አያቋርጡ።

• ትኩሳት፣ መግል፣ ወይም መብላትና መጠጣት የሚከለክል የአፍ ቁስል ካለ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ሕክምናው በቅባት ወይም በሚዋጥ መድኃኒት የሚሰጥ ሲሆን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ክትትልዎን አያቋርጡ።