የካራሞጆው ቤልና የጥይት ምርጫው፦ ከጻቮ በረሃ እስከ ጊሎ ወንዝ

ዎልተር ዳልሪምፕል ሜይትላንድ ቤል በአደን ታሪክ ስሙ የሚነሣው ግዙፉን እንስሳ በትንሽ ጠመንጃ በመግደሉ ነው። በዘመኑ ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን ጥሏል፤ አብዛኞቹንም የጣላቸው 7 ሚሊሜትር በሆነ ማውዘር ነበር። ይህም እንደ ልዩ ተኳሽነት ተአምር ሲተረክ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን የሰውየውን ሕይወት በቅደም ተከተል ለተከታተለ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከከሸፉ ጥይቶች ነው።

ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቷል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻግሮ የዩጋንዳን የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ከአንበሳ እንዲጠብቅ ተቀጠረ። ይዞት የሄደው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ በጻቮ ሙቀት ከዳው፤ ከተኩስ በኋላ ቀለሁ ተጣብቆ አልወጣ ይል ነበር። አንበሳ ፊት የቆመ ወጣት ይህን ትምህርት በቀላሉ የሚረሳው አይመስልም። ከዚያ በኋላ ለወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ ሄደ፤ ከካናዳ ፈረሰኞች ጋርም በቦር ጦርነት ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ወደ አፍሪካ ተመልሶ ቅጽል ስሙን ባተረፈለት በካራሞጃ ምድር የዝሆን ጥርስ አዳኝ ሆነ።

በዚያ ዘመን የዝሆን አዳኝ ጠመንጃ ይባል የነበረው ከባዱ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። የ.577ቱ አረር 48 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ርግጫውም ትከሻ ይሰብራል። የቤል 7 ሚሊሜትር አረር ክብደቱ 11 ግራም ብቻ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 700 ሜትር አካባቢ ነበር። ይሁንና ቤል እዚህ ምርጫ ላይ የደረሰው በቀጥታ አይደለም። .256 ማንሊከርንና .318 ዌስትሊ ሪቻርድስን ሞክሯል። ሁለቱንም የሚነቅፋቸው በአፈሙዛቸው ሳይሆን በጥይታቸው አሠራር ጉድለት ነው። የጀርመኑ የዲ.ደብልዩ.ኤም. ፋብሪካ የሚሠራው የ7 ሚሊሜትር ጥይት ግን አልከሸፈበትም። አፍንጫው ድቡልቡልና ረጅም፣ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተለበጠ በመሆኑም አጥንት ሲያገኝ ሳይጣመም መንገዱን ይዞ ይጓዛል። እርሳሱ ጫፉ ላይ የተገለጠ ጥይት ለድኩላ ቢመች እንኳ በዝሆን ራስ ላይ ተደፍጥጦ ይቀራል።

ጥይቱ በቀጥታ እንዲጓዝ መደረጉ ትርጉም የሚኖረው መድረሻው ሲታወቅ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል ለሁለት አስሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለና ከየአቅጣጫው እንዴት እንደሚደረስበት አጥንቷል። ባዶ ጠመንጃ እያነጣጠረ ቃታ መሳብንም የዘወትር ልማዱ አድርጎ ነበር።

በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የምድር ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ በቆመበት ወቅት፣ ቤል አዲስ አበባ ገብቶ በምዕራብ በኩል ወደ ጎሬ ዘለቀ። ጎሬ የኢሉባቦሩ ገዥ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ከዚያም ወደ ቆላው ወርዶ በአኙዋ ምድር በጊሎ ወንዝ ዳር አደነ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ልብ ይሏል። በተለይ የውጅግራ ጥይት በየገበያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ለመገበያያነት የቆየ ጥይት ምን ያህል ዒላማ እንደሚመታ መገመት አያዳግትም። ከአንድ ፋብሪካ በሣጥን የታሸገ ጥይት ይዞ የመጣ የውጭ አገር ነጋዴ አዳኝ ከአገሬው አዳኝ የበለጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የአደን ትዝታ ጸሐፊዎች ግን ይህን ብልጫ ለዘር ጀግንነት መስጠት ይቀናቸዋል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው የአደን ማስታወሻ በሰፊው ተነበበ፤ መዘዝም አስከተለ። እንደ እርሱ ያልሠለጠኑ ሰዎች በትንሽ ጠመንጃ ዝሆን እያቆሰሉ መልቀቃቸው አልቀረም። ኋላም በርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ እንስሳት ከ.375 በታች የሆነ ጠመንጃን በሕግ ከለከሉ። ጥይቱ አስተማማኝ መሆኑ ለዝሆኖቹ ያተረፈላቸው ነገር ካለ የሞታቸው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ቁጥራቸውንማ ይበልጥ አመናመነው።

ቤል ዕድሜው ሲገፋ በስኮትላንድ ደጋ፣ ኮሪሞሊ በተባለው ርስቱ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1954 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከአደን አልራቀም። በእርጅናው ለአጋዘን የመረጠው ከቀድሞውም ያነሰውን .220 ስዊፍት ነበር።