የደረስጌ ሠዓሊ ዘር በለንደን መድረክ

በሰሜን ተራሮች፣ ከደባርቅና ከአዲ አርቃይ ባሻገር፣ ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ደጃዝማች ካሣ በ1855 እ.ኤ.አ. ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያን ዘመን በውቤ ቤት በጥበብ ሥራ ካገለገሉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር አንዱ ሲሆን፣ ጌታው ከተሸነፉ በኋላ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አደረ።

ዛንደር ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የወለዳት ወለተ ኢየሱስ፣ ለቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት ባለሙያዎች አንዱ የነበረውን ሞሪትስ ሐልን አገባች። ልጃቸው መግደሌና በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ በሞቱበት ወቅት፣ በመቅደላ ተወለደች፤ በኋላም በኢያፋ ከተማ ፕላቶን ዩስቲኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ባላባት አገባት። ከእነርሱ የተወለደው ዮናስ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ሠዓሊቱን ናድያ ቤኑዋን አግብቶም በለንደን ኖረ። ፒተር ዩስቲኖቭ በ1921 እ.ኤ.አ. የተወለደው ከእነዚህ ወላጆች ነው።

ፒተር ገና በወጣትነቱ ወደ ሚሼል ሴን ዴኒ የቴአትር ትምህርት ቤት ገባ። መልኩ ደልዳላ፣ ሰውነቱ ወፍራም ስለ ነበር የአፍቃሪ ጀግና ገጸ ባሕርይ እንደማይሰጠው ቀድሞ ግልጽ ነበረ። እርሱ ግን ይህን ጉድለት አልቈጠረውም፤ የሽማግሌውን፣ የቀጣፊውን፣ የፈሪውንና የዕብሪተኛውን ጠባይ እያጠና ሙያውን በዚያ ላይ መሠረተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል በ1944 እ.ኤ.አ. ለወጣው የሠራዊት ፊልም ድርሰት ከኤሪክ አምብለር ጋር ጻፈ። ከጦርነቱ በኋላም ተውኔት መድረሱን ቀጠለ፤ በ1951 «የአራቱ ኮሎኔሎች ፍቅር»፣ በ1956 ደግሞ «ሮማኖፍና ጁልየት» በለንደን መድረክ ታዩለት።

በፊልም ዓለም ስሙን ያስጠራው በ1951 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኩዎ ቫዲስ» ውስጥ የተጫወተው ንጉሥ ኔሮን ነው። ሚናውን ሲጫወት ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1960 «ስፓርታከስ» በተባለው ፊልም የባሪያ ነጋዴውን ባትያተስን፣ በ1964 «ቶፕካፒ» ውስጥ ትንሹን አጭበርባሪ ሲጫወት ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ሁለቱም ለደጋፊ ተዋናይ የሚሰጡ ነበሩ። ከ1978 ጀምሮ የአጋታ ክሪስቲን መርማሪ ፖሮን ስድስት ጊዜ ተጫውቷል።

ስለ ዘር ውጥንቅጡ በኩራት የሚናገር ሰው ስለ ነበር፣ የአንድ ሕዝብ ብቻ አለመሆኑን እንደ ሀብት እንጂ እንደ እጦት አላየውም። ምናልባትም የተለያዩ ሰዎችን ጠባይ ለመልበስ የረዳው ይኸው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደርነት አገለገለ፤ በ1990 የእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕርግ ሰጡት። በመጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ዐረፈ።

የሙያው ሰዎች ከሕይወቱ የሚቀስሙት ትምህርት ቀላል አይደለም። በመድረክ ላይ ትንሽ የሚባል ሚና የሚኖረው ተዋናዩ ራሱ ሲያሳንሰው ነው፤ ዩስቲኖቭ ከዋናው ጀግና ጎን የቆመውን ሰው በትዕግሥት መርምሮ፣ ተመልካች ከጀግናው ይልቅ እርሱን እያስታወሰ ወደ ቤቱ እንዲመለስ አድርጓል። ከደረስጌ እስከ ለንደን በተዘረጋው የዚያ ቤተሰብ የጥበብ ሐረግ ላይ እርሱም በበኩሉ የሚገባውን ጨምሯል።