ፒተር ቶሽ

ፒተር ቶሽ (የትውልድ ስሙ ዊንስተን ሁበርት ማኪንቶሽ፤ ጥቅምት 9 ቀን 1937 ዓ.ም. – ጳጉሜን 6 ቀን 1979 ዓ.ም.) የጃማይካ ድምፃዊ፣ ጊታር ተጫዋችና የዘፈን ደራሲ ነበር። ከቦብ ማርሊና ከባኒ ዌይለር ጋር ዘ ዌይለርስ የተባለውን የሬጌ ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በአገሩ ጋንጃ የሚባለው ማሪዋና በሕግ እንዲፈቀድ በአደባባይ በመሟገቱም ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ቶሽ የተወለደው በምዕራብ ጃማይካ፣ ዌስትሞርላንድ በተባለው አውራጃ ነው። ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። በወጣትነቱ ወደ ዋና ከተማዋ ኪንግስተን ሄዶ የድሆች ሰፈር በሆነው ትሬንችታውን ኖረ። እዚያም ጆ ሂግስ የተባለው ዘፋኝ ለሰፈሩ ወጣቶች በነፃ ድምፅ ያስተምር ስለነበር ከማርሊና ከባኒ ጋር ተገናኘ። ባንዱ በ1963 ተመሠረተ። ጌት አፕ ስታንድ አፕ የተባለውን ታዋቂ ዘፈን ቶሽ ከማርሊ ጋር ነው የደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከባንዱ ወጥቶ ለብቻው መሥራት ጀመረ።

ቶሽ የራስ ተፈሪ እምነት ተከታይ ነበር። እምነቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ የሚያይ ሲሆን፣ ብዙ ተከታዮቹ ጋንጃን ለጸሎትና ለተመስጦ ይጠቀሙበታል።

ስለ ጋንጃ ያደረገው ሙግት

ጋንጃ ወደ ጃማይካ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለእርሻ ሥራ ከመጡ የህንድ ሠራተኞች ጋር እንደሆነ ይታመናል፤ ቃሉም የህንድ ነው። በ1913 የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በሕግ ከለከለው። ክልከላው ከነፃነት በኋላም የቀጠለ ሲሆን፣ ቀንበሩ የከበደው በድሃ ወጣቶችና በራስ ተፈሪያን ላይ ነበር።

ቶሽ ሊጋላይዝ ኢት የተባለውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን በ1976 አወጣ። በሽፋኑ ላይ በጋንጃ ማሳ መካከል ተቀምጦ ይታያል። የአልበሙን ርእስ የያዘው ዘፈን በጃማይካ ሬዲዮ እንዳይተላለፍ ታገደ። ዘፈኑ የጭፈራ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሙግት አለው። ሐኪሙም ዳኛውም የሚያጨሱት ነገር ለምን ድሃውን ብቻ ያሳስራል የሚል ነው። የመድኃኒትነቱን ነገርም ያነሳል፤ ሆኖም ከጠቀሳቸው በሽታዎች እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉትን ጋንጃ አያድንም፤ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል። የቶሽ ሙግት የሚበረታው በሕክምናው ሳይሆን በፍትሑ በኩል ነው።

በሚያዝያ 1978 በኪንግስተን የሰላም ኮንሰርት ተዘጋጀ። የሁለቱ ዋና ዋና ፓርቲዎች ደጋፊዎች በጥይት ይጋደሉበት የነበረ ጊዜ ነው። ከዚያ ምሽት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማርሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ማይክል ማንሊንና የተቃዋሚውን መሪ ኤድዋርድ ሲያጋን እጅ ለእጅ ማያያዙን ነው። ከማርሊ በፊት መድረክ ላይ የወጣው ቶሽ ግን በሁለቱ ባለሥልጣናት ፊት ጋንጃ ለኩሶ፣ ፖሊስ በድሃ ላይ የሚያደርሰውን በደል እየዘረዘረ ረጅም ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፖሊሶች ይዘው ክፉኛ ደበደቡት። ራሱ ተፈንክቶ ተሰፋ፤ እጁም ተሰበረ። እሱ እንደተናገረው የተረፈው የሞተ መስሎ በመተኛቱ ነው። ከዚያ በኋላም ሙግቱን አላቆመም።

ሞቱና ከሞተ በኋላ

በመስከረም 1987 ሦስት ታጣቂዎች ገንዘብ ፍለጋ ኪንግስተን ወደሚገኘው ቤቱ ገብተው ገደሉት። ከገዳዮቹ አንዱ ከእስር ሲወጣ ቶሽ የረዳው ሰው ነበር። አብረውት ከነበሩት ሁለት ሰዎችም ሞተዋል። ኖ ኒውክሊየር ዎር የተባለው የመጨረሻ አልበሙ በ1988 የግራሚ ሽልማት አገኘ። የጃማይካ መንግሥት በ2012 ከከፍተኛ ኒሻኖቹ አንዱን ሰጠው።

ጃማይካ ሕጓን ያሻሻለችው በ2015 ነው። እስከ ሁለት አውንስ (56 ግራም ገደማ) ጋንጃ የያዘ ሰው መቀጮ ይከፍላል እንጂ የወንጀል መዝገብ አይከፈትበትም። አንድ ቤተሰብ አምስት ተክል ማብቀል ይችላል፤ ራስ ተፈሪያንም ለእምነታቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል። ከዚያ መጠን በላይ መያዝና ያለ ፈቃድ መሸጥ ግን አሁንም ወንጀል ነው።