ቢል ዊልሰን፦ ለመዳን ሌላ ጠጪ የፈለገው ሰው

በአውሮፓውያኑ 1935 ግንቦት ወር፣ በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ፣ አንድ የ39 ዓመት ሰው በሜይፍላወር ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ነበር። የመጣበት የንግድ ጉዳይ ከሽፏል፤ በኪሱ የቀረው ገንዘብም ጥቂት ነው። በአንድ በኩል ከሆቴሉ መጠጥ ቤት ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። በሌላ በኩል ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። አልኮል ከተወ ገና አምስት ወሩ ነበር።

ቢል ዊልሰን ወደ ስልኩ አመራ። አንድ ቄስ ዘንድ ደውሎ ሊያነጋግረው የሚችል የመጠጥ ሱሰኛ እንዲጠቁሙት ጠየቀ። የፈለገው መካሪ አልነበረም፤ እንደ እሱ በመጠጥ የተጎዳ ሰው እንጂ።

ዊልሰን በ1895 በቨርሞንት ግዛት ኢስት ዶርሴት በምትባል መንደር ሲወለድ፣ የተወለደባት ክፍል የምትገኘው ከቤተሰቡ ሆቴል መጠጥ ቤት ጀርባ ነበር። ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተለያዩ፤ ያደገውም በአያቶቹ እጅ ነው። በ1917 ወጣት መኮንን ሆኖ በአንድ ግብዣ ላይ ሲጠጣ ዓይን አፋርነቱ ለቀቀው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መልስ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገንዘብ አገኘ። የ1929ኙ የገበያ ውድቀት ሲመጣ ግን ገንዘቡ ሄደ፤ መጠጡ ቀረ። ባለቤቱ ሎይስ በሱቅ እየሠራች ቤቱን ስታስተዳድር፣ እሱ ሆስፒታል እየገባ ይወጣ ነበር።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ዊልያም ሲልክወርዝ ሱሱ የጸባይ ብልሹነት ሳይሆን በሽታ መሆኑን አስረዱት። በ1934 መገባደጃ ደግሞ አብሮት ይጠጣ የነበረ የድሮ ጓደኛው መጠጥ ትቶ ሊጠይቀው መጣ። ዊልሰን በታኅሣሥ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ሲገባ ክፍሉ በብርሃን የተሞላ መሰለው። ነገሩን ይሰጠው ከነበረው መድኃኒት ጋር የሚያያይዙ አሉ። ያም ሆነ ይህ ከዚያ ወዲያ አልጠጣም።

ቀጥሎ ባሉት ወራት ሌሎችን ለማዳን ቢባዝንም አንድም ሰው አልተሳካለትም። ተስፋ ቆርጦ ለሎይስ ሲያማርር፣ እሱ ራሱ ግን አለመጠጣቱን አስታወሰችው። በአክረን ወደ ስልኩ የመራውም ይኸው ነበር።

ከብዙ ጥሪ በኋላ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት በማግስቱ ከቀዶ ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘችው። ዶክተሩ ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አስጠንቅቀው ነበር የመጡት። ስድስት ሰዓት ያህል ቆዩ። ስለ አልኮል ጉዳት ዊልሰን ለሐኪም የሚያስተምረው አልነበረውም፤ ስለዚህ የራሱን ውድቀት ብቻ ተረከላቸው። ስሚዝ አንድ ጊዜ አገርሽቶባቸው በሰኔ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጡ። የመጨረሻዋን ቢራ የሰጣቸው ዊልሰን ራሱ ነበር፤ ለቀዶ ሕክምና እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ። ለረጅም ዘመን በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያገኘው ስለሚችል፣ ዛሬ ይህ የሐኪም ክትትል የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ሆስፒታል ሄደው በአንድ ጠበቃ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሦስት ሆኑ። በ1939 ዊልሰን በዋናነት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ እንቅስቃሴውም ከመጽሐፉ ርዕስ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚለውን ስም ወሰደ። ትርጉሙ ስማቸው ያልተገለጸ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው። የአባልነት ክፍያ የለውም፤ የሚጠየቀው መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻ ነው። ጸበል ተጠምቆ ወይም ስለት ተስሎ መጠጥ የተወ ሰው በአካሄዱ ብዙ አይደነቅም ይሆናል። አዲሱ ነገር የትናንቱ ጠጪ ለዛሬው ጠጪ መድኃኒት መሆኑ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይድናሉ።

ስምን መሸሸግ በአሜሪካ ሥራን ከማጣትና መሳለቂያ ከመሆን የሚያድን ነበር። መጠጥ በሕግ በሚያስቀጣበት አገር ደግሞ ከዚህም በላይ ይከብዳል። ሱዳን በ1983 አልኮልን ከለከለች፤ በ2020 ክልከላው ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ላላ። ሆኖም ከቴምር የሚወጣው አረቄና ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳ ከአገሩ አልጠፉም። የአስዋን ግድብ ያፈናቀላቸው ኑቢያውያን በ1960ዎቹ በሰፈሩባት ኒው ሀልፋ፣ ወይም ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥና ለማሽላ አዝመራ በሚሻገሩበት ገዳሪፍ፣ ተደብቆ የሚጠጣ ሰው እርዳታም ተደብቆ ነው የሚፈልገው። የአክረኑ ስብሰባ ማስታወቂያም፣ የራሱ ሕንፃም፣ በጀትም አልነበረውም። ሁለት የሚተማመኑ ሰዎችና የተዘጋ በር በቂ ነበሩ። ዛሬ ስብሰባዎቹ በኢንተርኔትም ስለሚካሄዱ፣ መስመር ባለበት ቦታ በሩ ስልክ ሊሆን ይችላል።

ዊልሰን ቅዱስ አልነበረም። ለዓመታት በከባድ ድብርት ተሠቃይቷል፤ በትዳሩ ታማኝ እንዳልነበረ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ፤ ሲጋራም ሳንባውን ጨርሶታል። በ1954 የል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጠው ሲል ግን የማኅበሩን ደንብ አክብሮ እምቢ አለ። በሞት አልጋው ላይ ሳለ ውስኪ ጠይቆ ነበር፤ አልተሰጠውም። ጥር 24 ቀን 1971፣ ከሎይስ ጋር በተጋቡ በ53ኛ ዓመታቸው ዕለት፣ ከ36 ዓመት በላይ ሳይጠጣ ቆይቶ አረፈ።

መቃብሩ በኢስት ዶርሴት ነው። ድንጋዩ ስሙንና የውትድርና አገልግሎቱን እንጂ ስለ ማኅበሩ አንዳች አይናገርም። ጎብኚዎች ግን ሳይጠጡ የቆዩበት ዘመን የተቀረጸባቸውን ሜዳሊያዎች እያስቀመጡበት ይሄዳሉ።