ሩዶልፍ ቪርሾ፦ የፈለገውን ካገኘ በኋላም የሚፈልግ ሐኪም

የዛሬው ባለታሪኬ ሐኪም ነው። ቢሆንም ለእኛ ለእጩ መምህራን ባዳ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ቪርሾ በ1821 ሺቨልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ የፕሩሲያ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ እርሻም ነበረው፣ የከተማው ገንዘብ ያዥም ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበረ ልጁ ሕክምና የተማረው በርሊን ውስጥ የጦር ሠራዊት ሐኪሞች በሚሠለጥኑበት ተቋም ነው። በ1843 ተመርቆ ሻሪቴ በተባለው ትልቅ ሆስፒታል ሬሳ መመርመር ያዘ።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በድንገት ሲሞትና ሳንባው ውስጥ የደም ጓል ሲገኝ፣ ጓሉ እዚያው የረጋ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ወጣቱ ቪርሾ ግን ሳንባውን አይቶ ሬሳውን አልዘጋም፤ ወደ እግር ደም ሥሮች ወረደ። እዚያም ጓል አገኘ። ከዚያም በውሾች ደም ሥር ውስጥ የጎማ ቁራጭና የመሳሰለውን እየከተተ፣ ነገሩ ከደሙ ጋር ተጉዞ ሳንባ ውስጥ እንደሚሰካ አሳየ። ይህን በ1846 አሳተመ። ሐኪሞች ዛሬም ትሮምቦሲስና ኤምቦሊዝም የሚሏቸውን ስሞች ያወጣው እሱ ነው።

ታዲያ በ1848 መንግሥት ላይኛው ሲሌዥያ የገባውን የተስቦ ወረርሽኝ እንዲያጠና ላከው። እሱ በሽታውን ሊያይ ሄዶ ረኀቡንና ድንቁርናውን አየ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ መድኃኒት ብቻ ይላክ አላለም፤ መንገድ ይሠራ፣ ሕዝቡ ራሱን ያስተዳድር፣ ልጆቹም በገዛ ቋንቋቸው በፖሊሽ ይማሩ ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ባዳ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው! በዚያው ዓመት በተነሣው አብዮት ስለተካፈለ በርሊንን ለቆ ቩርስቡርግ ሄደ፤ የተመለሰው በ1856 ነው። በኋላም የምክር ቤት አባል ሆኖ ከቢስማርክ ጋር ብዙ ተሟግቷል።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ በ1876 ስለ ሬሳ አመራመር ያወጣው መጽሐፍ ነው። የሞቱ ምክንያት የታወቀ ቢመስልም ሐኪሙ ማቆም የለበትም፤ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በተራ አውጥቶ ማየት አለበት ይላል ደንቡ።

ዛሬ ይህ በሽታ ሲጠረጠር ሬሳ አይጠበቅም። በበሽተኛው ክንድ ደም ሥር በምስሉ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ተሰጥቶ ሳንባው በሲቲ ስካን ይነሣል። ከሚነሡት ውስጥ ብዙዎቹ ጓል የለባቸውም። ነገር ግን ምስሉ ላይ ሳንባው በሙሉ አለ፤ ሳይፈለግ የሳንባ ምች፣ ያበጠ ንፍፊት ወይም ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን እባጭ ብቅ ትላለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጓል የለም የተባለ ሰው ደስ ብሎት ቤቱ ይሄዳል፤ እባጯ ወረቀቱ ላይ ተጽፋ ማንም ሳይነግረው ልትቀር ትችላለች። ድርሰት ስናርም የፊደል ስሕተት ብቻ ፈልገን ሐሳቡን ሳናይ እንደምናልፈው መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እባጯ የድሮ ቁስል ጠባሳ ወይም ሌላ የማይጎዳ ነገር ናት፤ አልፎ አልፎ ግን ገና በጅምሩ የተገኘ ካንሰር ትሆናለች። በሌላ በኩል ለእያንዳንዷ ነጥብ ሰውን ማስደንገጥም ደግ አይደለም። ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነችና ሰውየው የማያጨስ፣ ለሌላም አደጋ ያልተጋለጠ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክትትል አያሻትም።

ቪርሾ ራሱ ሁሉን አየ ማለት አይደለም። በ1872 የኒያንደርታልን ጥንታዊ አጥንት መርምሮ በበሽታ የተጣመመ ተራ ሰው ነው ብሎ ፈረደ፤ ተሳሳተ። ስለ ጀርሞችም ለረጅም ጊዜ ተጠራጣሪ ነበር።

በ1902 መጀመሪያ ላይ፣ ሰማንያ ዓመት ሞልቶት ሳለ፣ ከሚሄድ የከተማ ባቡር ላይ ዘሎ ሲወርድ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። እንዲህ ያለው ስብራትና ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መተኛት የእግር ደም ሥር ውስጥ ጓል ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው። እሱ ግን በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የሞተው በልብ ድካም ነው።