ዊልሄልም ሮንትገን፤ የሕያው እጅን አጥንት ያሳየን ሊቅ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያደግን ተማሪዎች የአረጋውያንን እጅ እናውቃለን። ስትፈጭና ስትፈትል የኖረች አያት፥ ዕርፍ ጨብጦ ያረጀ ገበሬ፥ በቤተ ልሔም ድጓ በብራና ሲጽፍ ዕድሜውን የፈጸመ መምህር፥ የብዙዎቹ የጣት አንጓ አብጦና ተጣሞ ይታያል። እኛም ሕመሙን ሁሉ ቁርጥማት ወይም ሪህ ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ከቆዳ በታች ያለውን ሳያዩ ለሕመም ስም መስጠት መገመት ነው። ስለዚህ ከቆዳ በታች ያለውን ያሳየንን ሰው ሕይወት በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን ልናስታውስ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 ዛሬ በጀርመን አገር ባለችው በሌኔፕ ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ሆላንድ ሄደ። ሮንትገን በኡትሬክት ሲማር አንድ ጓደኛው የመምህራቸውን መልክ ለቀልድ ሳለ። ሠሪውን እንዲናገር ሮንትገን ቢጠየቅ ጓደኛዬን አላጋልጥም በማለቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ከዚህም የተነሣ የምስክር ወረቀት ስላልነበረው በሆላንድ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ተማሪነት ለመግባት አልቻለም። ይሁን እንጂ ተስፋ አልቈረጠም። በ1865 የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተቀበለው፤ በ1869ም የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በ1872 አና ቤርታ ሉድቪግን አገባ፤ ልጅ ስላልወለዱም የወንድሟን ልጅ አሳደጉ። በ1888 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ።

ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በጨለማ ክፍል ውስጥ፥ አየሩ በወጣለት የመስታወት ቱቦ ኮረንቲ ሲያሳልፍ አንድ ድንቅ ነገር አየ። ቱቦው በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ሳለ፥ ራቅ ብሎ የነበረ በባሪየም ፕላቲኖሲያናይድ የተቀባ ሰሌዳ አበራ። በወረቀቱ አልፎ የሚሄደው ጨረር ምን እንደ ሆነ ስላላወቀ፥ በሒሳብ ያልታወቀው ነገር እንደሚጠራበት፥ ኤክስ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ከሰው ተለይቶ ሲመረምር ቈየ። ዲሴምበር 22 ቀን የባለቤቱን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳርፎ ጨረሩን ለቀቀበት። ሥጋ ጨረሩን በብዛት ያሳልፋል፤ አጥንት ግን ካልሲየም ስላለበት ያግደዋል። ስለዚህ ሥጋዋ እንደ ስስ ጥላ ሲሆን፥ አጥንቶቿና ቀለበቷ ጠቍረው ታዩ። እርሷም የገዛ አጥንቷን ስታይ ሞቷን ያየች መስሏት እንደ ደነገጠች ይነገራል።

ያ ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ነበር፤ ጨረሩ ከተገኘ አራት ወር ሳይሞላ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ 1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣሊያ የጦር ሐኪም፥ ከኢትዮጵያ ጦርነት ቈስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በኔፕልስ ከተማ በዚህ ጨረር አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። የጦር ቍስለኛ በዚህ መሣሪያ ሲመረመር ያ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

እንግዲህ ጨረሩ ስለ አረጋውያኑ ጣት ምን ይነግረናል? በአንጓ ላይ የአጥንት ጫፎች ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተሸፍነዋል። ይህ ሽፋን በብዙ ዓመት ውስጥ ሲሳሳ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። ሴቶችን፥ ይልቁንም ከ50 ዓመት በኋላ፥ ያጠቃል። እጅ ሥራ ሲይዝ ያማል፤ ጧት ለጥቂት ጊዜ ይገተራል፤ በጣት መጨረሻና መካከለኛ አንጓዎች ላይ ጠንካራ ጕብታ ይወጣል፤ የአውራ ጣትም ሥር ይታመማል። ልም አጥንት ራሱ በራጅ አይታይም፤ በአጥንቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን ሲጠብ፥ በዳርም ትርፍ አጥንት ሲበቅል ይታያል። በ1957 ኬልግሬንና ሎውረንስ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ለውጥ ከዜሮ እስከ 4 በደረጃ ከፈሉት። ነገር ግን ራጅ የሕመምን ልክ አይነግርም፤ አጥንቱ ብዙ ተለውጦ ሕመሙ ጥቂት የሆነበት ሰው አለ። ያለቀውን ልም አጥንት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፥ የጣት እንቅስቃሴ፥ ሙቀትና ሐኪም የሚያዘው ማስታገሻ ሕመሙን ያቀልላሉ። ሪህና ሌላው የአንጓ ብግነት ግን መድኃኒታቸው ሌላ ስለ ሆነ፥ ለይቶ ማወቁ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ገንዘቡንም ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። በግኝቱ ላይ የብቸኛ ባለመብትነት ወረቀት ማውጣትና መክበር ሲችል፥ ጨረሩ የሰው ሁሉ ነው ብሎ ተወው። ባለቤቱ በ1919 ሞተች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ የእርሱም ሀብት ጠፋ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ ከተማ ዐረፈ።

ጓደኛውን ያላጋለጠ ልጅ አድጎም ዕውቀቱን አልሸጠም። ዛሬ በየትኛውም ሐኪም ቤት ራጅ የሚነሣ ድኻ ለሮንትገን ወራሾች የሚከፍለው ዋጋ የለም። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም እኛ ተማሪዎችም በየሄድንበት ያወቅነውን ሳንሰስት ለወገናችን እንድናካፍል፥ የወላጆቻችንንም ሕመም በግምት ከማለፍ ወደ ሐኪም እንድንወስዳቸው የሮንትገን ሕይወት ያስተምረናል።