የፊኛው ሐኪም

በራያ ቆቦ ሜዳ ገበሬው ከጎሊና ወይም ከሆርማት ጎርፍ የጠለፈው ቦይ በደለል ሲጠብ ደለሉን ዝቆ ያወጣል። ልብን የሚመግበው ደም ሥር በስብ ሲጠብ ግን እንደ ቦይ ደለል በቀላሉ አይዛቅም። ዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ የመረጡት ደለሉን ማውጣት ሳይሆን ወደ ግድግዳው መጫንን ነበር።

ግሩንትሲግ እ.ኤ.አ. በ1939 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለዱ፤ ሕክምናንም በሃይደልበርግ ተማሩ። አሜሪካዊው ዶክተር ቻርልስ ዶተር በ1964 የጠበበ የእግር ደም ሥር በካቴተር መክፈታቸውን መነሻ አድርገው፣ በቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ ፊኛ ለመግጠም አሰቡ። ችግሩ ከሕክምና ይልቅ የቁሳቁስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎማ ሲነፋ በለሰለሰው በኩል ያብጣል እንጂ የጠነከረውን አይገፋም። አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ያመለከቷቸው ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ግን ከተወሰነለት ስፋት አያልፍም። ዙሪክ በሚገኘው ቤታቸው፣ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከባለቤታቸውና ከረዳታቸው ጋር ማታ ማታ ሲቆርጡና ሲያጣብቁ ከረሙ።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 በአንድ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር ላይ ፊኛውን ነፉ። ታካሚው ነቅቶ ነበር። ያ ሥር ከ10 ዓመት በኋላ ሲመረመር እንደተከፈተ ተገኘ። ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናም፤ ፊኛው ሲወጣ ወዲያው የሚደፈን፣ ከወራት በኋላም መልሶ የሚጠብ ሥር ነበረ።

በ1980 ወደ አሜሪካ፣ አትላንታ ተዛወሩ። ኦክቶበር 27 ቀን 1985 ራሳቸው የሚያበሩት አነስተኛ አውሮፕላን ተከስክሶ ከሁለተኛ ባለቤታቸው ጋር በ46 ዓመታቸው ሞቱ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በቱሉዝ ከተማ፣ ዶክተር ዣክ ፑኤል ሥሩን ከውስጥ ደግፎ የሚይዘውን የብረት መረብ፣ ስቴንትን፣ በካቴተር አስገብተው በሰው ልብ ደም ሥር ውስጥ ተከሉ።